አንቺ የተባለው ጦር

ደመናውን በግንቦት አሸነፍን። ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ አላባራም።

ጦርነቱ ስለ ደመና ነበር። ከምዕራብ የሚመጣው ደመና እዚሁ ይዝነብ የሚሉና ተራራውን አልፎ ማዶ ይዝነብ የሚሉ ወገኖች ለዓመታት ሲዋጉ ቆይተዋል፤ እኛ እዚሁ ይዝነብ ባዮች ነበርን። ደመና የሚጎትቱትን ጣቢያዎች በያዝን ማግስት፣ የተጎተተውን ደመና መልቀቅ የሚችል ሰው በመካከላችን እንደሌለ ታወቀ። ያሸነፍነው ሁሉ እኛው ላይ ዘነበ። መንገዱ ሄደ፣ ድልድዩ ሄደ፣ ስንቅ የሚያመላልሱት በራሪዎች በገዛ ደመናችን ውስጥ ጠፉ። ጠላት ከተራራው ማዶ ደረቅ መሬት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። መቸኮል አያስፈልገውም ነበር።

በሐምሌ አጋማሽ ከጫካው እንድንወጣ ታዘዝን። ትእዛዙ ውስጥ ማፈግፈግ የሚል ቃል የለም፤ «ወደ ቤት ግስጋሴ» ነው የሚለው። አዛዣችን ኮሎኔል ድልነሳ ለጦሩ ሲያነቡ «ወደ ቤት» የሚለው ላይ ድምፃቸው ደስ ብሎት ነበር። «ግስጋሴ» የሚለው ላይ ግን አንድ እግራቸውን ቢያነሱ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቀረ። ማንም አልሳቀም። የሁሉም ጫማ እንደዚያው ነበር።

እኔ ወታደር አይደለሁም። ስንዱ እባላለሁ፤ በዩኒቨርሲቲ ሥነ ልሳን አስተምር ነበር። ወደ ግንባር የተላክሁት አጋሰሶቹ የሚነገራቸውን አማርኛ በትክክል መስማታቸውን እንድቆጣጠር ነው። ወታደሮቹ ዶክተር እየተባልኩ ስጠራ ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ በደረስኩበት ቀን ጫማቸውን አውልቀው ተሰለፉ። የእግር ሐኪም ሳልሆን የልሳን ሰው መሆኔን ሳስረዳ አንደኛው ምላሱን አወጣልኝ።

አጋሰስ የምንለው ስድስት እግር ያለውን ተሸካሚ ማሽን ነው። በመንግሥት ወረቀት ላይ ሌላ ረጅም ስም አለው፤ ማንም አይጠራበትም። ቁስለኛ ይሸከማል፣ ስንቅ ይሸከማል፣ ጎኑ ስለሚሞቅ ካልሲ ይሰጣበታል። ጠዋት ሰላም ካልተባለ ንቅንቅ አይልም። ሰላምታውም ለይስሙላ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እንደምን አደርክ ይባላል፤ መልሱ ይጠበቃል፤ «ይመስገን» ሲል ደህና ነህ ወይ ተብሎ ይደገማል። የሠራው ሰው፣ ጠዋት ሰላም ያለውን ነገር ከሰዓት በኋላ በእርግጫ የሚመታ ሰው የለም የሚል እምነት ነበረው። ኮሎኔሉ ይህን ሰላምታ የሚያደርሱት ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው፣ ከዛፍ ጋር የሚነጋገሩ መስለው ነው።

ጫካው ሰማይ የለውም። ከላይ ቅጠል ነው፣ ከታች ቅጠል ነው፣ በመካከሉ የሚንጠባጠብ ውኃ ነው። አልቅት በጫማ ክር ቀዳዳ ይገባል። በሶ ለመበጥበጥ ከረጢት ስንፈታ ተበጥብጦ እናገኘዋለን። ጠዋት ከመነሣታችን በፊት እያንዳንዱ ሰው የጎረቤቱን አንገት መርምሮ ያገኘውን አልቅት ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ወሬ የሚጀመረው። የጦሩ ሥነ ሥርዓት ከዚህ የሚያልፍ አልነበረም።

ከቅጠሉ በላይ ደግሞ ጆሮ ጠቢዎች ይዞራሉ። የጠላት ናቸው፤ ቁመታቸው ከቁራ አይበልጥም። በዚህ ደመናና ቅጠል ውስጥ ማየት ስለማይችሉ ይሰማሉ። የሰሙት ንግግር የጦር ከሆነ ከኋላቸው የሚመታ ነገር ይመጣል፤ የሲቪል ከሆነ ዝም ብለው ያልፋሉ። ሰውን በድምፁ ውፍረትና ቅጥነት መለየት በዓለም ስምምነት ከተከለከለ ቆይቷል። የሚፈርዱት በቃሉ ብቻ ነው።

ችግሩ የጀመረው ከአንድ ቃል ነው።

አጋሰስን የሚያቆመው ቃል «ተው» ነው። አንዱ የሰማውን ሁሉም ይሰማሉ፤ አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማሉ። ቃሉ አጭር ነው፤ በድንጋጤ ጊዜ ከማንም አፍ ቀድሞ ይወጣል። በቤተ ሙከራ አንድም ጊዜ አላሳሳተም። በቤተ ሙከራው ግን አስር አለቃ ሽብሩ አልነበረም።

ሽብሩ ወሬ ያውቃል። በተለይ አንድ አጎት አለው። አጎቱ በክረምት አዞን ግንድ መስሎት ተቀምጦበት ወንዝ ተሻገረ ይላል፤ አዞውም ማዶ ካደረሰው በኋላ ዞር ብሎ፣ ሰላም ሳትለኝ መቀመጥህ ደግ አይደለም ብሎ ወቀሰው ይላል። ሰሚው «ኧረ ተው» ይላል። ጦሩ ይቆማል። የኋላው ከፊተኛው ይላተማል፣ ድስት ይወድቃል፣ ቁስለኛ ይሳደባል። ምን ሆነን ቆምን ብሎ ከኋላ የሚጠይቅ ሲመጣ ስለ አዞው ይነገረዋል፤ እሱም «ተው እንጂ» ይላል። መሄድ የጀመርነው እንደገና እንቆማለን።

አማርኛ ተናጋሪ ሲገረም ተው ይላል፣ ሲጠራጠር ተው ይላል፣ ሲጋበዝ ተው እያለ ይበላል። ከልቡ እንዲተውለት ሲፈልግ ብቻ ዝም ይላል።

እኔ ቃሉን አልጠቀምበትም ነበር። አጋሰስ ማቆም ስፈልግ ከሆዱ ሥር ያለውን እጀታ እስባለሁ፤ እጀታው የተሳበበትን ብቻ እንጂ ሌላውን አያቆምም። ወታደሮቹ ይህንን የሙያ ጥንቃቄ አድርገው አዩት። እኔም አላረምኳቸውም።

ኮሎኔሉ ቃሉን በትእዛዝ አገዱ። ትእዛዙ ተነብቦ ሳያልቅ ከኋላ አንዱ «ተው!» አለ፤ ቆምን። ከዚያ ለጥቂት ቀን ጦሩ በዝምታ ተጓዘ። ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው ግን የእግሩን ሕመም መስማት ይጀምራል፤ ስለዚህ ሽብሩ ቀስ ብሎ ወደ አጎቱ ተመለሰ፣ ሰሚዎቹም ወደ ልማዳቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ገደላማ ቦታ ላይ እንደዚሁ በአንድ ተው ተገትረን ሳለ ጆሮ ጠቢ ደረሰብን። «ቁም! ውረድ! ተኛ!» ስንባባል ሰማ። የመጣው ነገር ሁለት አጋሰሶችን ወሰደ፤ ስብርባሪው የሽብሩን ዳሌ ከፈተው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽብሩ አጋሰስ ጀርባ ላይ ታስሮ ተጓዘ። ትኩሳት ያዘው። ትኩሳቱ ወሬውን አላስቆመውም፤ አሁን የሚያወራውም ሰምቶ የሚገረመውም እሱው ሆነ። ስለ አጎቱ ለራሱ ይነግርና ለራሱ «ኧረ ተው» ይላል።

ቁስለኞቹን የምትንከባከበው ሃምሳ አለቃ አበዛሽ ናት፤ አንዴ የተናገረችውን የማትደግም ሴት። የሽብሩን ቁስል አሸተተችና፣ ከጌባ ወንዝ ማዶ ካለው የሕክምና ድንኳን ቶሎ ካልደረሰ አይተርፍም አለች። ጌባ ደግሞ በየቀኑ እየሞላ ነው። አጋሰስ ውኃው ከሆዱ ካለፈ አይገባም። ስለዚህ የጦሩ ጉዳይ ሁሉ ጠቦ አንድ ነገር ሆነ፤ ወንዙ ሳይዘጋ መድረስ። በየጥቂት እርምጃው የሚያስቆመን ደግሞ ልናደርሰው የተሸከምነው ሰው ነው።

ኮሎኔሉ ጠሩኝና ቃሉን እንድቀይረው ጠየቁ።

«መቀየር የሚችለው ያስገባው ሰው ብቻ ነው» አልኩ።

«ይፈለጉ እንጂ።»

«የሉም።»

«የሉም? በጦርነት ጊዜ?» አሉ ኮሎኔሉ።

መሐንዲስ በሞላበት አገር ፈቃድ መውጣት የሚያበዛውን መርጠው አጋሰስ ያሠሩታል እያሉ ተማረሩ። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ነው፣ ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል አሉ። ይኼኛው እውነት ስለነበር አልተከራከርኩም።

መፍትሔው የመጣው ከኦጁሉ ስሕተት ነው። ኦጁሉ የሽብሩን አጋሰስ የሚመራው ወታደር ነው። አኙዋ ነው፤ አፉን በፈታበት ቋንቋ አንተና አንቺ አይለያዩም። ሥልጠና ላይ የመቶ አለቃውን «ነይ» ብሎ በቅጣት ጉድጓድ ቆፍሯል። እኔን እስከ ዛሬ «እትዬ፣ ና» እያለ ነው የሚጠራኝ። ጓዶቹ እሱን ማረም እንደ ካርታ ጨዋታ ይዘውት ነበር፤ ያረመ ይስቃል፣ የታረመውም አብሮ ይስቃል፣ በነጋታው እንደ አዲስ ይጀመራል።

አንድ ጠዋት ከአጋሰሱ ጎን እየሄድኩ ሁለቱን ሰማኋቸው። ሽብሩ ስለ አዞው ይነግራል። ኦጁሉ ወሬውን መቼም ሰምቶት እንደማያውቅ ሁሉ ከልቡ ይገረማል።

«ተይ!» ይለዋል።

አጋሰሱ መንገዱን ይቀጥላል።

ሽብሩ «ተው፣ አታምንም እንዴ!» ይላል። አጋሰሱ ይቆማል።

ይህ ደጋግሞ ሲሆን አይቼ ነው የገባኝ። ቃሉን ያስገባው ሰው ለወንድ የሚባለውን ብቻ ነው ያስገባው። ለሴት የሚባለውን የሚያስገባበት ምክንያት አልታየውም፤ በቤቱ ውስጥ ተው የሚባለው እሱ ነበር። ግኝቱን ለኮሎኔሉ ሳስረዳ ይህን የመጨረሻውን ነገር አስቀረሁ።

 ኮሎኔሉ መጀመሪያ «ይተዉ» ቢባባሉስ ሲሉ ጠየቁ፤ እርስዎ መባባል ለጦሩ ክብር የተሻለ መስሏቸው ነበር። ሞከርነው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጦሩ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ ሲሆን እርስዎ» እየተባባለ ጭቃ ውስጥ ሲግደረደር ዋለ። ለአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ሽማግሌ የሚያስፈልግ መሰለ። ከዚህ በኋላ ነው ኮሎኔሉ ጦሩን ሰብስበው ዓይናቸውን ከአንድ ዛፍ ላይ ተክለው የተናገሩት።

«ከአሁን ጀምሮ እርስ በርሳችሁ አንቺ ትባባላላችሁ» አሉ። «ጥያቄ ያለው?»

«ያላት» አለች አበዛሽ።

በሠራዊቱ ውስጥ ሴት ወታደርም «ቁም» ተብላ ነው የምትቆመው። አበዛሽ ስትተኩስ «ተኩስ»፣ ስትተኛ «ተኛ» ስትባል ነው የኖረችው። አሁን ወንዶቹን ሁሉ በየተራ እያየች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ አለቻቸው።

መምህሩ ኦጁሉ ሆነ። ማንንም ጉድጓድ አላስቆፈረም። ከፊት እስከ ኋላ እየተመላለሰ ነይ በላት፣ ና አይባልም እያለ ያርማል። አሁን ግን ችግር ገጠመው፤ ሁሉም አንቺ ከሆኑ እሱ ሳያስበው አንተ የሚለው ጊዜም አለና፣ ተማሪዎቹ መምህራቸውን ማረም ጀመሩ። በመንደራቸው የሚወዱትን ጓደኛ አንቺ ማለት የተለመደ መሆኑን የገለጹ ወታደሮችም ተገኙ። እስከ ዛሬ ለምን እንዳልገለጹ የጠየቃቸው የለም።

ነገሩ በጥቂት ቀን ውስጥ መልኩን ቀየረ። ስድብ በአንቺ ሲነገር ግማሹ መንገድ ላይ ይረግፋል። ጥይት አቀብዪኝ የሚል ሰው ሳያውቀው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ያን አነጋገር የሚያውቀው ከእህቱ ወይም ከልጁ ጋር ነውና። እባክሽ የሚል ቃል በጦሩ ውስጥ በዛ። አንዱ የሌላውን ሸክም ለመቀበል «አምጪ እንጂ፣ ደክሞሻል» ይለዋል፤ የተባለው ሰው ይቆጣ ወይስ ያልቅስ ግራ ገብቶት ሸክሙን ይሰጣል። ኮሎኔሉ ብቻ አንቺ አላሉም። ለብዙ ሰው ሲሆን እናንተ ይላሉ፣ ለአንድ ሰው ሲሆን በጣት ያሳያሉ።

ሽብሩን ማስተማር ከሁሉ ከበደ። ትኩሳት ሰዋስው አይሰማም። ኦጁሉ ግን ከጎኑ አልተለየም፤ ሽብሩ «ተ—» ብሎ ሲጀምር መዳፉን አፉ ላይ ይጭናል፣ ቀሪውን ራሱ «ይ» ብሎ ይጨርስለታል። በሁለት አፍ አንድ ቃል ይናገሩ ነበር። ውሎ አድሮ ሽብሩ ለመደው። አዞውም ሳይቀር ሴት ሆነች።

ጦሩ ሳይቆም መሄድ ጀመረ። ጆሮ ጠቢዎቹ በላያችን ያልፋሉ፤ ተመልሰው ያልፋሉ። የሚመታ ነገር አልመጣም። መጀመሪያ ዕድል መሰለን። ምክንያቱን ያወቅነው ጌባ ዳር ስንደርስ ነው።

ወንዙ ቀይ ሆኖ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ይወርዳል። ከየት በኩል እንደምንገባ ስንመካከር አንድ ጆሮ ጠቢ በቅጠሉ ቀዳዳ ዝቅ ብሎ ከፊታችን ተንሳፈፈ። ወታደሮቹ መሣሪያቸውን አላነሡም፤ የተነሣ መሣሪያ ድምፅ አለው።

«እናቶች፣ እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ» አለ።

አነጋገሩ ከእኛ ሬዲዮ የተሻለ ነበር። ጥሏችሁ የሸሸው ጦር አሳዝኖናል አለ፤ ወዴት እንደሄደ ካወቃችሁ ንገሩን አለ። አበዛሽ ኮሎኔሉን ገርመም አድርጋ አይታ፣ መቼም ሩቅ አይሆንም ስትል መለሰች። ጆሮ ጠቢው አመሰገናት። ወንዙ ሳይመሽ እንደሚዘጋ፣ ከታች በኩል በሁለቱ ቋጥኞች መካከል መሻገር እንደሚሻል ነገረን። ጠላት እንዲህ ያለ ትክክለኛ መረጃ ሲሰጠን በጦርነቱ ሁሉ የመጀመሪያው ነበር።

«ከመሪያችሁ ጋር ልነጋገር» አለ ቀጥሎ። «ማን ናት?»

ሁሉም ኮሎኔሉን አዩ። ኮሎኔሉ እኔን አዩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ስሜን ጠየቀ፤ ነገርኩት።

«ባለቤትሽስ?»

«የለም።»

«የለም ሁለት ትርጉም አለው» አለ። «ወጥቷል ወይስ ሞቷል?»

ይህን ዓይነት ጥያቄ ተማሪዎቼን የምጠይቀው እኔ ነበርኩ። ለትክክለኛ መልስ ነጥብ እሰጥ ነበር።

«ሞቷል» አልኩ።

ቃሉን በአፌ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ለእናቴም፣ ለጎረቤትም፣ ለቅሶ ለመጡትም የለም ነበር የምለው። የተናገርኩት ለጠላት ሆነ።

«መዝግቤያለሁ። ተሻገሩ» አለና ወደ ላይ ወጣ፤ ግን አልራቀም።

ኮሎኔሉ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ነበር። ዝናቡ በራሳቸው ላይ እየወረደ መልሰው አላደረጉትም። ፈቃድ ላይ መስሏቸው የነበረው መሐንዲስ የት እንዳለ፣ የማን ባል እንደነበረም ገብቷቸዋል።

የሽብሩ አጋሰስ ቀድሞ ገባ። ኦጁሉ በታች በኩል ገመዱን በሁለት እጁ ይዟል፣ ኮሎኔሉ በላይ በኩል ናቸው፣ እኔ ከኋላ የሚቀጥለውን አጋሰስ ገመድ ይዣለሁ። ውኃው ከወገብ በላይ ነው። ከወንዙ መሐል ስንደርስ ሽብሩ ዓይኑን ገለጠ። ወንዙን አየ፣ የተቀመጠበትን አየ።

«ግንድ አይደለችም» አለ። «ሰላም ሳልላት ነው የተቀመጥኩባት። ልውረድና ሰላም ልበላት።»

የታሰረበትን ጠፍር መፍታት ጀመረ። የአንዱ መቆለፊያ ተከፈተ። ኦጁሉ ገመዱን ከለቀቀ አጋሰሱን ወንዙ ይወስደዋል። ጆሮ ጠቢው ከራሳችን በላይ ነው። የኮሎኔሉ አፍ ሲከፈት፣ ምላሳቸው የመጀመሪያውን ፊደል ሲይዝ አየሁ። ሁለተኛውን ፊደል ከተናገሩ አጋሰሱ እዚያው ይቆማል፤ የቆመን ነገር ጌባ አያሳድርም።

«ተ…ይ» አሉ። «ተይ እመቤት። ተይ የኔ እናት፣ እኔ ሰላም ብያታለሁ፣ ስላንቺም ብያታለሁ። ነይ አንገቴን ያዢ። እንደሱ። ጎበዝ፣ ደርሰናል።»

ሽብሩ አንገታቸውን አቅፎ ጉንጩን ትከሻቸው ላይ አሳረፈ። ኮሎኔሉ እስከ ዳር ድረስ በዚያው አነጋገር ቀጠሉ። የት እንደተማሩት አልጠየቅኋቸውም። አዲስ የተማሩት ግን አልነበረም።

ማዶው ኮረት ነው። አጋሰስ ለሳምንታት ጭቃ ሲረግጥ ቆይቶ ጠንካራ መሬት ሲያገኝ ይፈጥናል፤ እንዲህ ተደርጎ ነው የተሠራው። የሽብሩ አጋሰስ ከውኃው ወጥቶ ሲራገፍ ኦጁሉ ወደቀ፣ ኮሎኔሉም ተንሸራተው በጉልበታቸው ቀሩ። አጋሰሱ ሽብሩን ይዞ ሽቅብ ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት። የሕክምናው ድንኳን በቀኝ በኩል ይታያል፤ ከድንኳኑ ጥቂት አልፎ መንገዱ በናዳ ተቆርጦ ወደ ገደል ይወርዳል። አጋሰሱ ገደል የሚያይበት ዓይኑ በጭቃ ከተደፈነ ቆይቷል።

ወታደሮቹ እየሮጡ ጮኹ። «ተይ! ተይ!» ይላሉ። ምላሳቸው ለምዷል፤ ደግሞም ጆሮ ጠቢው በላያቸው አለ። አጋሰሱ ይህ ቃል ምንም እንዳልሆነ ያውቃል። ድንኳኑን አለፈ። እኔ የያዝኩትን በእጀታው አቆምኩ፤ አንዱ ቆመ፣ የቀሩት አልቆሙም። ኮሎኔሉ ከተንበረከኩበት ቀና ብለው አፋቸውን ከፈቱ። አሁን የወንዱን ሊሉት እንደሆነ ፊታቸው ላይ አየሁ፤ ከተሰማ የሚመጣውንም እያወቁ ነበር። እጄን አንሥቼ ከለከልኳቸው።

«ተው» አልኩ።

ጮክ ብዬ አይደለም። ያ ቃል በቤታችን ጮክ ተብሎ ተነግሮ አያውቅም። ቀልዱ ሲበዛብኝ፣ ወይም ሥራ ይዤ ሲነካካኝ፣ ቀና ሳልል ነበር የምለው። ወዲያው ይቆማል። ቆሞም ያየኛል።

አጋሰሶቹ ሁሉ ቆሙ። የሽብሩ አጋሰስ አንድ እግሩን ገደሉ ላይ እንዳነሣ፣ እግሩን ሳያወርድ ቆመ።

ጆሮ ጠቢው ዝቅ ብሎ ፊቴ ላይ መጣ።

«የወንድ ነው የተናገርሽው» አለ። «ማንን ነው ተው ያልሽው?»



«ባሌን» አልኩ።

«ባሌ ሞቷል ብለሻል።»

«አዎ» አልኩ።

 በውስጡ ምን እየፈለገ እንደነበር አላውቅም። አማርኛ ሲያስተምሩት ካሰሙት ንግግር መካከል የብዙ ሚስቶች ድምፅ ሳይኖር አይቀርም።

«ነፍስ ይማር» አለኝ። ወደ ደመናችን ገባ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ሽብሩን አበዛሽና ኦጁሉ አወረዱት። ወደ ድንኳኑ ሲያስገቡት ኦጁሉ አብሮ ልግባ ብሎ ከሐኪሙ ጋር ተከራከረ፤ ሐኪሙን አንቺ ስላለው ክርክሩ ረዘመ። ኮሎኔሉ ልብሳቸውን እየጨመቁ ወደ እኔ መጡ። 

«ዶክተር፣ ያን ጊዜ ፈቃድ ያበዛሉ ማለቴ…»

«ምንም አይደለም» አልኩ።

«ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል ያልኩትም…»

«እሱ እንኳ ልክ ነው» አልኩ።

ሊስቁ ፈልገው ተዉት። ከዚያ ሳቁ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ።

በማግስቱ ሽብሩ በሕይወት ነበር። አበዛሽ ይህን ያወቀችው ከድንኳኑ ውስጥ «ኧረ ተይ» ሲል ሰምታ ነው፤ ሐኪሙ ስለ ዳሌው የነገረውን አላምን ብሎ ነበር። ጦሩ ለመነሣት ተሰለፈ። አልቅት ተመረመረ፣ በሶ ወጣ። አጋሰሶቹ ባቆምኳቸው ቦታ እንደቆሙ አድረዋል፤ ግንባር ቀደሙ እግሩን እንኳ አላወረደም። ሰላም የማለት ተራው የኮሎኔሉ ነበር። እስከ አጠገቡ ሄዱና ቆባቸውን ይዘው ቆሙ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው መንገድ ለቀቁልኝ።

ዝናቡ አላባራም። ወደ አጋሰሱ ሄድኩ። ጎኑ ሞቅ ብሏል፤ አንድ ሰው ካልሲ ረስቶበታል።

«እንደምን አደርክ» አልኩት።

መልሱን ጠበቅሁ።